የ“ፓራስኮቪያ” ቁልፍ ያዥ፣ የወይዘሮ ፌዶሲያ ሎጊኖፍ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ፌዶሲያ ማካር ሎጊኖፍ እጃቸው ያረፈበት ጀልባ በገመድ ተጎትቶ አንጋያክ ወደብ ገብቶ አያውቅም። ይህን ያልነው እኛ አይደለንም። ራሳቸው በየሰርጉ፣ በየክርስትናው፣ እንፋሎት ቤት ውስጥ ተቀምጠው ላብ እየጠረጉ ሳይቀር ሲሉት የኖሩት ነው። “የሕይወት ታሪኬ ሲነበብ መጀመሪያው ላይ ይግባ” ብለው ስላዘዙም መጀመሪያው ላይ ገብቷል። የቀረውን ደግሞ እዚህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የቆማችሁት ሁሉ ስለምታውቁት፣ እንደሆነው እናነበዋለን።

ወይዘሮ ፌዶሲያ ከአባታቸው ከአቶ ማካር ሎጊኖፍ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፓራስኮቪያ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1949 በአላስካ፣ በኮዲያክ ደሴት፣ በቀድሞው አንጋያክ መንደር ተወለዱ። አባታቸው የዚያን ቀን ባሕር ላይ ነበሩ። ትልቅ ዓሣ ተሸክመው ቤት ሲገቡ አልጋው ላይ ሴት ልጅ ጠበቀቻቸውና “በአንድ ቀን ሁለት! ይቺኛዋ ግን ትጮኻለች” አሉ ይባላል። ጩኸቱ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰባ ዓመት አለፈው እንጂ አልቆመም።

እ.ኤ.አ. በማርች 1964 ምድር ተንቀጥቅጣ ባሕሩ ሲነሳ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበሩ። ሰው ሁሉ ወደ ኮረብታው ሮጦ ተረፈ፤ ቤቶቹን ግን ውሃው ይዟቸው ሄደ። መንደሩ አሁን ወዳለንበት ባሕረ ሰላጤ ተዛወረ፤ መቃብሩ ብቻ እዚያው ኮረብታው ላይ ቀረ። በእናታቸው ስም የተጠራችው የአባታቸው ጀልባ “ፓራስኮቪያ” ከባሕሩ ርቃ ረግረግ ውስጥ ተቀምጣ ተገኘች። አካሏ ደህና ነበር፤ ኤሌክትሪኳ ግን ጨው ጠጥቶ ሞቷል። አቶ ማካር ዲናሞውን ፈትተው ሊጥሉት ሲሉ ልጃቸው ከእጃቸው ነጠቋቸው። ወንዝ ወስደው ጨው በሌለው ውሃ ደጋግመው አጠቡት። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሰው ሁሉ የሚታጠብበት እንፋሎት ቤት ውስጥ አስገብተው ላይኛው መደብ ላይ አስቀመጡትና በሩን ዘግተው ደጁ ላይ ተቀመጡ።

አጎታቸው አቶ ኤፊም ፎጣቸውን አገልድመው መጡ። “ማነው ውስጥ ያለው?”

“ዲናሞው ነው፣ አጎቴ። እስኪደርቅ ይጠብቁ።”

“እኔስ መቼ ልታጠብ?”

“እርስዎ ባይታጠቡ አይሞቱም። እሱ ካልደረቀ ይሞታል።”

ዲናሞው ዳነ፤ አቶ ኤፊም ሳይታጠቡ አስቀደሱ። ከዚያ ወዲህ በዚህ መንደር ሰውና ዲናሞ በአንድ እንፋሎት መሞቃቸውን እንደ ነውር የሚያይ የለም።

በዚያው ዓመት መኸር ላይ ሩቅ ወዳለ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላኩ። ትምህርት ቤቱ አልበደላቸውም፤ መምህራኑም ደጎች ነበሩ። እሳቸው ግን የመኝታ ክፍሉን ደወል ፈትተው ውስጡን ሲያዩ ሦስት ጊዜ ስለተገኙ፣ ሦስተኛው ላይ ደወሉ መልሶ መጮኽ ስላቃተው፣ ሁለተኛውን ዓመት ሳይጨርሱ ወደ ቤታቸው መጡ። “ተባርረሽ ነው?” ለሚላቸው ሁሉ “ጨርሼ ነው” ይሉ ነበር።

አባታቸው የጥንቱን ልማድ የሚያከብሩ ሰው ነበሩ። ሴት ልጅ ለአቅመ ሔዋን ከደረሰች በኋላ የአዳኝ መሣሪያ ከነካች የአደኑ ዕድል ይሸሻል ብለው ያምናሉ፤ ጀልባ ላይ ከወጣችማ ዓሣውም አብሮ ይሸሻል። ወይዘሮ ፌዶሲያ ይህን ሰምተው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። አንድ እሑድ አባታቸው ሲያስቀድሱ ጠመንጃውን ከግድግዳ አውርደው ተራራ ወጡ፤ ቀንዳም ወንድ አጋዘንም ጣሉ። በእኛ ደሴት ጥይት ሲጮኽ ድብ ምሳ የተጠራ ይመስለዋል። የኋላ እግሮቹን ቆርጠው ወደ ፊተኞቹ ሳይዞሩ ከቁጥቋጦው ውስጥ ብቅ አለ። ማታ ሁለት የኋላ እግር ብቻ ተሸክመው ቤት ገቡ።

አቶ ማካር ጠመንጃውንም ሥጋውንም አዩ። “ግማሽ አጋዘን ነው ያደንሽው?” ብለው ጠየቁ።

“ሙሉ ነው ያደንሁት፣ አባዬ። ግማሹን ለድቡ ተውኩለት።”

“ፈርተሽ?”

“አይ። ቀድሞ ስለደረሰ።”

አባታቸው ሥጋውን በሉ። ጠመንጃውን ግን በማግስቱ ከፍ አድርገው ሰቀሉት። ልጃቸውም ወንበር ሠሩ።

እ.ኤ.አ. በ1967 በባሕረ ሰላጤው አፍ ላይ በነበረው የዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ ወለል ጠራጊ ሆነው ተቀጠሩ። ከፊሊፒንስ በየበጋው ይመጡ ከነበሩት ኤሌክትሪሽያን ከአቶ ቤኒግኖ እግር ሥር ተቀምጠው ሽቦ ማሰርን፣ ባትሪ መለካትን፣ የተቃጠለ ሞተር በሽታ መለየትን ተማሩ። አቶ ቤኒግኖ “እጅሽ ጥሩ ነው፤ አፍሽን ግን ሸፍኚው፣ ሾርት ያደርጋል” ይሏቸው ነበር ይባላል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደቡ ላይ መብራቱ እንቢ ያለ፣ ራዲዮው የተዘጋ፣ ሞተሩ አልነሳ ያለ ሁሉ የሚጠራው እሳቸውን ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1972 የጀልባ ወጥ ቤት ሠራተኛ የነበሩትን፣ ጠመንጃ ሲጮኽ ድስት ይዘው የሚደነግጡትን አቶ ሐልቮርን አገቡ። አንዲት ልጃቸውን ናስታሲያንም ወለዱ። ሁለቱ ተስማምተው ኖሩ፤ እሳቸው ያድናሉ፣ አቶ ሐልቮር ያበስላሉ፣ ማንም ማንንም አላረመም።

አሁን ወደ ቁልፉ እንመጣለን።

እ.ኤ.አ. በ1979 አቶ ማካር ሲያርፉ “ፓራስኮቪያ” ለወንድ ልጃቸው ለአቶ ኒኪፎር ተላለፈች። አቶ ኒኪፎር እዚሁ ፊታችን ተቀምጠዋል፤ ባሕሩን እንደ እጃቸው መዳፍ ያውቁታል፣ ከባትሪው ላይ ግን ቀዩን ከጥቁሩ አይለዩም። ስለዚህ የሞተር ክፍሉን ከነቁልፉ ለእህታቸው ሊሰጡ ፈለጉ። በአርባው ምግብ ላይ፣ ዘመድ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ አቶ ኤፊም ማንኪያቸውን አስቀመጡና “ሴት የያዘችው ጀልባ በገመድ ተጎትቶ ነው የሚገባው፤ ኋላ አላለም እንዳትሉ” አሉ።

ወይዘሮ ፌዶሲያ ከመቀመጫቸው ተነሱ። “አጎቴ፣ ሁላችሁም ስሙኝ። ‘ፓራስኮቪያ’ ተጎትታ የገባች ዕለት ቁልፉን ከአንገቴ አውጥቼ ለኒኪፎር እሰጣለሁ፤ ለፈለገው ይስጠው። እስከዚያ ድረስ ግን ከዚያች ጀልባ ላይ የሚያወርደኝ አልተወለደም!”

ቁልፉን ከክርስትና መስቀላቸው ጋር በአንድ ክር አስረው አንገታቸው ላይ አደረጉ። ለሳቸው ያ ቁልፍ የሥራ ዕቃ አልነበረም። አባታቸው ያልሰጧቸው ቦታ ነበር። ጀልባዋ ላይ የመቆም መብታቸው እዚያ ክር ላይ ተንጠልጥሎ እንደሚኖር ያውቁ ነበር፤ ስለዚህም ነው ወደቡን ሁሉ ሰላም የነሱት።

ሰላም የነሱበት ነገር ደግሞ በተለይ ጠጉር ነው። በኖቬምበር፣ የዓሣው ወቅት ካለቀ በኋላ፣ ጀልባዎቻችን አዳኞችን ጭነው በየባሕረ ሰላጤው ይዞራሉ። የክረምት አጋዘን ጠጉሩ በነካኩት ቁጥር ይረግፋል። ከወለሉ ታጥቦ ወደ ጀልባዋ ሆድ ይወርዳል። እዚያ ታች የሚጠራቀመውን ውሃ የሚያወጣ ፓምፕ አለ፤ ፓምፑን የሚያስነሳውና የሚያጠፋው ደግሞ ከውሃው ጋር ከፍ ዝቅ የሚል ተንሳፋፊ ነው። ጠጉር ተንሳፋፊው ሥር ከተጠቀጠቀ እንደተነሳ ይቀራል፤ ፓምፑም ውሃ ኖረ አልኖረ ባትሪው እስኪደርቅ ይሠራል። ስለዚህ የወይዘሮ ፌዶሲያ ሕግ አንድ ነበር፦ አጋዘን ቆዳው የሚገፈፈው ባሕር ዳር ነው። ከነቆዳው የጫነ ካፒቴን መልሕቁን ሳይጥል ድምፃቸውን ይሰማል።

“ይሄ ምንድነው ወለልህ ላይ ያለው? ምንጣፍ ገዛህ?”

“ኤማ፣ ትንሽ ጠጉር እኮ ነው።” መንደሩ ሁሉ ኤማ፣ አያታችን፣ ነው የሚላቸው።

“ትንሹን ጠጉር በጥርስህ ታወጣታለህ! እኔ እጄን አላስገባም።”

ኋላ ግን ያስገቡ ነበር። እስከ ትከሻቸው።

እዚህ ላይ ቤተሰቡ ተከራክሯል። ናስታሲያ የሚቀጥለው ነገር ለቀብር አይሆንም፣ ይታለፍ አሉ። አቶ ኒኪፎር ግን “እሱ ካልተነበበ ሳጥኗን አልሸከምም” ስላሉ ይነበባል።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1998 ወይዘሮ ፌዶሲያ ከባለቤታቸው ጋር “ፓራስኮቪያን” ይዘው አጋዘን ወደሚበዛበት ባሕረ ሰላጤ ሄዱ። አቶ ኒኪፎር ጉልበታቸውን አሟቸው ቤት ቀርተው ነበር። ወይዘሮ ፌዶሲያ ባሕሩ ዳር አቅራቢያ ሁለት አጋዘን ጣሉ፤ ወዲያው ድቡ ከላይ ሲወርድ ታየ። ሕጉ ባሕር ዳር ግፈፍ ይላል። ድቡ ደግሞ አካፍሉኝ ይላል። ወይዘሮ ፌዶሲያ “ዛሬስ ቁራጭም አልሰጥህም!” ብለው ሁለቱንም ከነቆዳቸው ትንሿ ታንኳ ላይ ወረወሩና ወደ ጀልባዋ ቀዘፉ። ወለሉ ላይ ገፈፉ። ወለሉን በጎማ ውሃ አጠቡ። ደምና ጠጉር የት እንደሚሄድ ከሳቸው በላይ የሚያውቅ ሰው በደሴቱ ላይ አልነበረም፤ ግን ድቡን አሸንፈው ስለነበር ልባቸው አብጦ ነበር። ለክፉ ቀን የሚለየውን ተጠባባቂ ባትሪም ከዋናው ጋር እንደተያያዘ ትተው፣ ሦስተኛ አጋዘን ፍለጋ ተመልሰው ተራራ ወጡ።

ሲመሻሽ ሲመለሱ ጀልባዋ ጨልማለች። አቶ ሐልቮር ሻማ ይዘው ደጅ ቆመዋል።

“ፌዶሲያ፣ መብራቱ ሄደ።”

“ምን ማለት ነው ሄደ? ፓምፑ ሲሠራ አልሰማህም?”

“የሚያጉረመርም ነገርስ ሰምቻለሁ።”

“ታዲያ ለምን አላጠፋኸውም?”

“አንቺም ቀኑን ሙሉ ታጉረመርሚያለሽ። ለምጄዋለሁ።”

የሞተሩ ማስነሻ ቃ አለና ዝም አለ። ራዲዮው ዝም አለ። ወይዘሮ ፌዶሲያ በሆዳቸው ተኝተው እጃቸውን ወደ ጀልባዋ ሆድ ሰደዱ፤ ከተንሳፋፊው ሥር የወጣውን አንድ እፍኝ ጠጉር በሻማው ብርሃን አዩት። አቶ ሐልቮር በኋላ ሲናገሩ፣ በሃያ ስድስት ዓመት ትዳራቸው ባለቤታቸው አፍ አጥተው ያዩት ያን ጊዜ ብቻ ነበር።

ራዲዮው መልስ ስላልሰጠ በማግስቱ አቶ ኒኪፎር በትንሿ ባለሞተር ታንኳቸው ፍለጋ ወጡ። አገኟቸውም። ገመዱም ታሰረ። ከወደቡ አፍ ሲደርሱ ወይዘሮ ፌዶሲያ ከጀልባዋ ጫፍ ላይ ሆነው ጮኹ፦

“ኒኪፎር! እዚህ ፍታን! ከዚህ ወዲያ ውሃው ራሱ ያስገባናል!”

“ውሃው እየወጣ ነው፣ እህቴ። ብፈታሽ ጃፓን ነው የምትደርሺው።”

መንደሩ በሙሉ ባሕር ዳር ወጥቶ ነበር። ትልቋ ጀልባ እንደ ላም በትንሿ ታንኳ ተጎትታ ስትገባ ወይዘሮ ፌዶሲያ አልተደበቁም። ጫፏ ላይ ወገባቸውን ይዘው ቆሙ፤ ላየ ሰው ጎታቹን የሚያዙት እሳቸው ይመስሉ ነበር። ገመዱ ሳይፈታ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ቁልፉን ከአንገታቸው አውጥተው ወንድማቸው ታንኳ ውስጥ ወረወሩት። ከዚያ ቤታቸው ገቡና አጋዘኑን ለመንደሩ አዛውንቶች አከፋፈሉ። ለአቶ ኤፊም የላኩላቸው አንገቱን ነበር።

አቶ ኒኪፎር ለቀጣዩ በጋ ከከተማ ዴል የሚባል ኤሌክትሪሽያን አመጡ። እውነቱን ለመናገር፣ ያን በጋ ሙሉ “ፓራስኮቪያ” አንድም ቀን አልጨለመችም። ወይዘሮ ፌዶሲያ በየማታው ባሕር ዳር አቅርቦ ማያ መነጽራቸውን ይዘው ይቆሙ ነበር። መብራቷ ገና ከሩቅ ይታያቸው ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበላቸውና፣ እንዲጠፋ ይመኙ ነበር። አልጠፋም። ጀልባዋ ያለ እሳቸው መዞር ችላለች፤ ከመጎተቱ ይልቅ እሱ ነው የጎዳቸው።

ኖቬምበር ሲመጣ ወንድማቸው ቤት ሄደው በሩ ላይ ቆሙ።

“ቁልፉን ስጠኝ።”

አቶ ኒኪፎር “ለምን? ዴል ጎበዝ ነው” አሏቸው።

“አውቃለሁ። በጋውን ሙሉ አይቼዋለሁ። ከኔ ያልተናነሰ ነው።”

“ታዲያ ምን ጎደለኝና ልስጥሽ?”

“አንተማ ምንም አልጎደለህም። የጎደለው እኔን ነው። ስለምታስፈልጉኝ ነው የመጣሁት እንጂ ስለማስፈልጋችሁ አይደለም።”

“በአባታችን አርባ ላይ ቃል ገብተሽ ነበር፣ ፌዶሲያ። ሰው ሁሉ ሰምቷል።”

“ቃሌንም ጠብቄያለሁ። ስጎተት እሰጣለሁ አልሁ፤ ሰጠሁ። መልሼ አልጠይቅም ብዬ አልማልሁም። እምቢ ካልክ ነገም እመጣለሁ። ከነገ ወዲያም። ሞቼም እመጣለሁ!”

 አቶ ኒኪፎር መሳቢያ ከፍተው ሁለት ቁልፍ አወጡ፤ አንዱ አሮጌው ነበር፣ አንዱ በአምሳያው ተቀርጾ ገና የሚያብለጨልጭ። “በጋ የዴል ነው። የአደኑ ወቅት ያንቺ ነው። ከዚህ በላይ ከእኔ አታገኚም” አሉ። ወይዘሮ ፌዶሲያ አሮጌውን አነሱ። በጋውም የሳቸው እንዲሆን ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ያህል ተከራከሩ፤ አልተሳካም። ከዴል ጋር ግን ወዳጅ ሆኑ፤ በየኦክቶበሩ ሲረካከቡ እሱ ያሰረውን ሽቦ ሁሉ ፈትተው እንደገና ያስሩ ነበር፤ እሱም በየሜይ መልሶ ይፈታው ነበር።

ባለቤታቸው አቶ ሐልቮር እ.ኤ.አ. በ2006 አረፉ። ወይዘሮ ፌዶሲያ አደኑን አልተዉም። እ.ኤ.አ. በ2019 ልባቸው ታመመና ሐኪሙ ተራራ መውጣት ከለከላቸው። “ተራራ አትውጪ አለኝ እንጂ ተራራው ወደኔ አይምጣ አላለም” ብለው፣ በረዶ አጋዘኑን ወደ ታች እስኪገፋው ድረስ ባሕር ዳር በወንበር ተቀምጠው ጠበቁ። በዚያ ዓመትም፣ በቀጣዩም ያለ ሥጋ አልገቡም። ቆዳውንም እዚያው ባሕር ዳር ገፈፉ።

በዚህ ዓመት ክረምቱ ሳይገባ ትንፋሻቸው አጠረ። አውሮፕላን ይምጣና ሆስፒታል እንውሰድዎ ሲባሉ “ወቅቱ ሊከፈት ሲል የት እሄዳለሁ?” ብለው እምቢ አሉ። ቄሱ መጥተው አቆረቧቸው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 9 ቀን 2022፣ በቤታቸው፣ ልጃቸው እጃቸውን ይዘው ወንድማቸው ከጎናቸው እንደተቀመጡ፣ በሰባ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ወይዘሮ ፌዶሲያ ልጃቸውን ወይዘሮ ናስታሲያን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውን፣ ወንድማቸውን አቶ ኒኪፎርን፣ እንደ ልጅ የቆጠሩትን ዴልን፣ እንዲሁም ኤማ ብሎ የጠራቸውን መንደር ሁሉ ትተው ሄደዋል። የምሕረት አምላክ ነፍሳቸውን ከአባታቸው ከማካርና ከእናታቸው ከፓራስኮቪያ ጎን፣ ብርሃን ከማያልቅበት ቦታ ያኑርልን፤ ስማቸውም ከዚህ ወደብ አይጥፋ። አሜን።

ከጸሎቱ በኋላ አስከሬናቸው በ“ፓራስኮቪያ” ተጭኖ ወደ ቀድሞው መንደር መቃብር ይጓዛል። ስለዚህ ጉዞ ወይዘሮ ፌዶሲያ በሕይወት ሳሉ የሰጡት ትእዛዝ ነበር። ከመሞታቸው በፊት በነበረው እሑድ፣ ትራሳቸውን ደግፈው ቀና አሉና ቤቱ የሞላውን ሰው አንድ በአንድ እያዩ እንዲህ አሉ፦

“እንደ ዓሣ መረብ ላይ እንዳታጋድሙኝ! ዕድሜዬን ሙሉ ታች ሞተር ክፍል ነበርሁ። አሁን ግን ላይ፣ ካፒቴኑ ክፍል ውስጥ፣ ከመሪው አጠገብ ነው የምሄደው። አባቴም አልፈቀደ፣ ኒኪፎርም አልፈቀደ፤ የዚያን ቀን ግን ማንንም አላስፈቅድም። የሚከለክለኝ ካለ አሁን ይናገር!”

አቶ ኒኪፎር ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳስቀመጡ፣ ቀና ሳይሉ መለሱላቸው።

“በሩን ለክቼዋለሁ፣ ፌዶሲያ። ሳጥኑ አይገባም። መረቡ ላይ ነሽ።”